ቦዩን የሚጠርገው ማነው?

ስለ ቅርስ የተጻፈ ጽሑፍ በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ አንብቤአለሁ። ጽሑፉ ዘወትር በአክሱም ይጀምራል፤ በላሊበላ በኩል ያልፋል፤ ፋሲልን ነካ ያደርግና «አባቶቻችን ይህን ሠርተው አለፉ፤ እኛስ?» ብሎ ያበቃል። አንባቢውም ራሱን ነቅንቆ ወደ ምሳው ይሄዳል። የተወደዳችሁ ጓደኞቼና የተከበራችሁ መምህራን፣ እኔ ዛሬ የማነሣው ስለ ኩራት አይደለም። ኩራት አላነሰንም። የማነሣው ስለ ገንዘብ ነው፤ ከገንዘቡም በፊት ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉም «ይችላል» የሚለው ነው። የሕግ ተማሪ በቃል ላይ ይጨቃጨቃል ትሉኝ ይሆናል፤ ነገሩን እስክጨርስ ግን ታገሡኝ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ እናቴ አገር ወደ ላስታ ሄጄ ነበር። ከመንደራችን የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ከአለት የተፈለፈለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራት ነገ «ማን ተናገረ?» ብሎ ካህናቱን የሚጠይቅ አይጠፋምና። የደረስኩት ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ በጣለ ማግሥት ነበር። በቤተ ክርስቲያኒቱ ዙሪያ የጥንት ሰዎች ለውሃ መሄጃ የፈለፈሉት ቦይ በአፈርና በሣር ተደፍኖ፣ ውሃው መውጫ አጥቶ እስከ ጉልበት ቆሟል። የግድግዳው እግር ሽበት አውጥቷል። ወደ ውስጥ ስገባ ከመጋረጃው አጠገብ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀምጦ ከጣራው የሚወርደውን ጠብታ ይቀበላል። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቅዳሴውም ከጠብታው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ውጭ ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ከግንቡ አስደግፈው፣ ልብሳቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀው፣ በዶማ ቦዩን ይከፍታሉ። ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ትናንሽ ዲያቆናት አፈሩን በቅርጫት ያወጣሉ።

«ልጄ፣ እዚያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ምንድነው?» አሉኝ።

«ሕግ ነው የምማረው፣ አባ።»

«እንግዲያው ደኅና ሰው መጣልኝ። እስኪ ፍረደኝ።»

ነገሩን ነገሩኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። ሜትር ዘረጉ፤ ፎቶግራፍ አነሡ፤ በመዝገብ ጻፉ። «ይህ የአገር ቅርስ ነውና ያለ ፈቃድ መሮም ሲሚንቶም እንዳይነካው» ብለው አስጠንቅቀው ሄዱ። ካህናቱም ደስ ብሏቸው እሺ አሉ። ከዚያ ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። «ፈቃዱን ስጡን» ቢሉ «መጀመሪያ ጥናት ያስፈልጋል» ተባሉ። «ጥናቱን አጥኑልን» ቢሉ «ባጀት የለም» ተባሉ። «እንግዲያው ከምእመኑ አዋጥተን እኛው እናሠራው» ቢሉ «ያለ ፈቃድ አይቻልም» ተባሉ።

«አሁን አንተ የሕግ ሰው ነህ» አሉኝ፤ «ቤቴ ሲያፈስ መድፈን እችላለሁ ወይስ አልችልም?»

ሦስት ዓመት ሕግ ተምሬ አንድ ቃል መመለስ አልቻልኩም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ዶማውን ተቀብዬ እስኪመሽ አብሬአቸው መቆፈር ነው። ቄሰ ገበዙም «ቦዩንስ እንጠርጋለን፤ አፈሩም ቅርስ ነው ካላሉን በቀር» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

መስከረም ሲጠባ ወደዚህ ተመልሼ ከቤተ መጻሕፍት ገባሁና ሕጉን አገላበጥሁ። በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በዚህ ነገር ላይ አፉን ሞልቶ ይናገራል። በአንቀጽ 41 የታሪክና የባህል ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥት ኀላፊነት ነው ይላል። በአንቀጽ 91 ደግሞ ለመንግሥትም ለዜጎችም ግዴታ ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ የሚያስከፋ ነገር የለም። ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ወርጄ በ1992 ዓ. ም. የወጣውንና ከሃያ ዓመት በላይ የተሠራበትን አዋጅ ቁጥር 209/1992 አነበብሁ። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ።

አዋጁ በጥቅሉ ሦስት ነገር ይላል። ቅርስ በእጁ ያለ ባለቤት በራሱ ወጪ የመንከባከብና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የጥገናና የእድሳት ሥራ ደግሞ ሁሉ አስቀድሞ ባለሥልጣኑ ሳይፈቅድ አይሠራም። ወጪው ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን ግን መንግሥት ከወጪው በከፊል ሊረዳ ይችላል።

አስተዋይ አንባቢ ይመልከት። ለቄሰ ገበዙ ሲሆን «ግዴታ አለበት» ነው። ለፈቃድም ሲሆን «አይሠራም» ነው። ወደ መንግሥት ኪስ ሲደርስ ግን ቋንቋው ለስልሶ «ይችላል» ይሆናል። ያውም «በከፊል»። ሕገ መንግሥቱ ግዴታ ያለውን ነገር አዋጁ ወደ ችሮታ አወረደው። «ይችላል» የተባለ ሰው ባይረዳ ማን ይከሰዋል? በየትኛው ፍርድ ቤት? የባጀት ክፍል ሹም ዓመታዊውን ወጪ ሲደለድል «አለበት» የሚለውን ሁሉ አስቀድሞ ይጽፋል፤ «ይችላል» የሚለውን ደግሞ ከሁሉ በታች ያደርገዋል። ብር ሲያጥር የሚሰረዘው ከታች ነው። ሹሙ ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ሰርዘኝ ስለሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላረጋግጥ። ፈቃድ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ፈቃድ ለምን እንዳስፈለገ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የላሊበላን የጥገና ታሪክ ያንብብ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የዝናቡን ውሃ ለመከላከል ተብሎ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀቡ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተለቀለቀ። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም መልሶ መተንፈስ አለበት። ሬንጅ ሲቀባ አፉ ተዘጋ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚባል ኢጣልያዊ አርክቴክት ለቅርሶች በተቋቋመ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ገንዘብ መጥቶ ያንን ሬንጅ ሲያስፍቅ ዓመታት ፈጀ። በቅን ልብ የተሠራ ጥፋት እንዲህ ነው። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ ሲሚንቶ እንዳያቦካ መከልከሉ ትክክል ነው። ነገር ግን የከለከለ ሰው የከለከለውን ነገር ራሱ መሥራት ወይም ማሠራት አለበት። ከልክሎ መቀመጥ ጥበቃ አይደለም፤ ቁልፍ ይዞ መጥፋት ነው።

ላሊበላን ካነሣሁ አይቀር ጥቂት ልቆይበት፤ የመንግሥታችን የቅርስ ፖሊሲ መልክ ከዚያ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለምና።

እነዚያን አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉ ሰዎች ስለ መስቀሉና ስለ መስኮቱ ብቻ አላሰቡም። ስለ ውሃ አሰቡ። በዙሪያው የተጠረበው ቦይ፣ ትሬንቹ፣ መተላለፊያው፣ ይህ ሁሉ የክረምቱ ውሃ ሳይተኛ እንዲሄድ የተደረገ ነው። ላስታ ላይ ክረምት ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበራ! ከእነርሱ በኋላ ግን ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞሉ፤ የተከፈቱትም በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። በመካከሉ የመሬት መንቀጥቀጥም አንዳንዱን አናግቶታል። ውሃውም ሲተኛ ኖረ። ዛሬ የምናያቸው ስንጥቆችና የሚላጡ ግድግዳዎች አብዛኛው ሥራቸው የዚህ ውሃ ነው። የጠፋው ጥበብ ሆኖ ሳይሆን አንድ ዶማ ነበር።

ከሬንጁ በኋላ ቆርቆሮ መጣ፤ በጊዜያዊነት በእንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ። ከቆርቆሮው በኋላ በ2000 ዓ. ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በብረት ምሰሶ የቆሙት አራት ትልልቅ መጠለያዎች መጡ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን ከቤተ መስቀል ጋር፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ሸፈኑ። እነዚህም ለዘለዓለም የተባሉ አልነበሩም፤ ሌላ መላ እስኪገኝ ድረስ ነበሩ። ዝናቡንስ በእውነት ከለከሉ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ዓመቱ ሲጨምር የከተማው ሰው ሌላ ነገር ይፈራ ጀመር። ነፋስ ሲነሣ ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ ክብደቱም በአለቱ ላይ ነው፤ ቢወድቅስ? በ2011 ዓ. ም. መስከረም ሺህ ሰዎች አደባባይ ወጥተው «ቅርሳችን ሳይወድቅ ድረሱለት» ብለው ጮኹ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ድረስ መጥተው አዩ፤ እርዳታም ቃል ገቡ፤ ባለሙያዎቻቸውም መጡ።

ይህን ስናይ ብዙዎቻችን ፈረንጆቹን እንወቅሳለን። «መርዝ ተከሉብን» የሚል ጽሑፍ አንብቤአለሁ። እኔ በበኩሌ አልወቅሳቸውም። የሰው ገንዘብ በባሕርዩ አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው። ፕሮጀክት መጀመሪያ አለው፤ መጨረሻም አለው፤ በመጨረሻውም ሪፖርት ይጻፋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሰውየው ይሄዳል። ብሎኑን በየዓመቱ የሚያጠብቅ፣ የምሰሶውን እግር የሚመረምር፣ ስንጥቁን በየስድስት ወሩ የሚለካ ገንዘብ ከእንግዳ አይጠበቅም። ያ የባለቤቱ ነው። መጠለያው ጊዜያዊ ነው ብሎ የተቀበለ መንግሥት ጊዜው ሲያበቃ ምን እንደሚያደርግ በዚያው ቀን ማሰብና ከየት እንደሚከፍለው መመደብ ነበረበት። ሰው አደባባይ ወጥቶ እስኪጮህ መጠበቅ ፖሊሲ ይባላልን?

የሬንጁም፣ የቆርቆሮውም፣ የመጠለያውም ታሪክ አንድ ነው። ዝም ይባላል፤ ዝም ይባላል፤ ከዚያ አደጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ለጋሽ ይፈለጋል፤ ለጋሹ ትልቅ ነገር ይሠራል፤ ትልቁ ነገር ራሱ ተጠባቂ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል ያቺ ዶማ አልተገዛችም።

እንግዲህ በጥገናና በእንክብካቤ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። የገጠር ልጆች የሆንን ሁሉ እናውቀዋለን። ገበሬ ጎጆው እስኪወድቅ አይጠብቅም፤ ግንቦት ሲመጣ የሣሩን ክዳን ያያል፤ የሳሳውን ይደርባል፤ ከቤቱ ዙሪያ ያለችውን የውሃ መውረጃ ያድሳል። ለዚህ ሥራ ድግስ አይደገስም፤ እንግዳም አይጠራም። እኛ ግን ለአገር ቅርስ የያዝነው ሥርዓት ቤቱ እስኪዘም ተቀምጦ ሲዘም ጎረቤት የሚጠራ ሰው ሥርዓት ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ እንየው። እውነት የለም? በ2012 ዓ. ም. መግቢያ በምኒልክ ግቢ የአንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ አሮጌዎቹ አዳራሾች አምረው ታደሱ። አይቼዋለሁ፤ ደስም ብሎኛል። በ2017 ዓ. ም. በጎንደር በፋሲል ግቢ ሰፊ ጥገና ተደርጓል፤ ያም መልካም ነው፤ መቼም ስንት ዓመት ሲጮህለት የነበረ ነው። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ሲፈለግ ተገኝቷል ማለት ነው። ከዚህ ቀደምም በፈረንጆች አቆጣጠር 2009 የዓለም ባንክ ለቱሪዝም ልማት 35 ሚልዮን ዶላር አበድሮ አክሱምና ላሊበላም ከዚያ ተካፍለዋል። ብድር ነው፤ ስጦታ አይደለም፤ እኔና እናንተ ሥራ ይዘን ግብር ስንከፍል የምንመልሰው ነው። ስለዚህ የጠፋው ገንዘብ አይደለም። የመክፈቻ ገንዘብ አለ፤ የመጥረጊያ ገንዘብ ነው የጠፋው። ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ ባጀት ያገኛል፤ ቦይ ሲጠረግ ግን ማን ሪባን ይቆርጣል?

ደግሞ የፒያሳን ነገር አንርሳ። በ2016 ዓ. ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙው በጥቂት ወራት ፈረሰ። ፍርስራሹ ሲነሣ በመኪና አጠገቡ ያለፍነው ብዙ ነን። ስለዚያ ክርክሩ ሰፊ ነው፤ ነዋሪው ስለ ሄደበት ስፍራም ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ አሁን አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ለማፍረስ ፈቃዱም ገንዘቡም መኪናውም በአንድ ሳምንት የሚገኝበት አገር፣ ጠብታ ለመድፈን ሦስት ዓመት ጥናት ይጠብቃል።

ሁለተኛው መልስ «ቤተ ክርስቲያን የራሷ ገቢ አላት፤ ከጎብኚ የምትቀበለውን ታውጣ» የሚል ነው። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ስላለበት በቀላሉ አይጣልም። ላሊበላ ላይ የውጭ አገር ጎብኚ መግቢያ በ2005 ዓ. ም. 50 ዶላር ሆኖ ነበር፤ ገንዘቡም ለቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ውስጥ ለአለቱ ለራሱ ስንት እንደሚውል ቤተ ክህነት በግልጽ ብትናገር መልካም ነው እላለሁ፤ ይህን በመናገሬ የሚቆጣኝ ካለ ይቆጣ። ነገር ግን በቲኬት ላይ የተንጠለጠለ ጥበቃ ምን እንደሚሆን አይተናል። በ2012 ዓ. ም. ኮሮና መጣና ጎብኚ ቀረ። በ2013 ዓ. ም. መጨረሻ ጦርነት ላሊበላ ድረስ ገባ፤ ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ እንደ ገና የተኩስ ድምፅ ተሰማበት። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ባለ ሆቴሉ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጎብኚ ቀረ፤ ዝናብ ግን አልቀረም። ከዚህም በላይ ያቺ የኔዋ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቲኬት የምትቆርጥለት ጎብኚ ኖሯት አያውቅም። በላስታ፣ በትግራይ፣ በጣና ደሴቶች እንደ እርሷ ያሉት ስንት ናቸው? በሶዶ የጢያ ትክል ድንጋዮችስ ካህንም ምእመንም የላቸው፤ ሠላሳ ስድስት ሆነው በሜዳ ቆመዋል፤ እነርሱን በራሱ ወጪ የሚጠብቅ ባለቤት ማን ሊባል ነው?

በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ዛሬ አሥራ ሁለት ስፍራዎች አሉን። ላሊበላና ስሜን በ1970 ዓ. ም. ማለቂያ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የገቡ ናቸው። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ የጌዴኦን፣ የባሌንና የመልካ ቁንጡሬን አስመዘገብን። በየጊዜውም እልል አልን። መመዝገብ ግን ደመወዝ አይደለም። ዩኔስኮ ቦይ አይጠርግም። መዝገቡ ለዓለም «ይህን እኔ እጠብቀዋለሁ» ብለን የፈረምንበት ወረቀት ነው፤ በአንድ ወገን ዓለም ፊት «አለበኝ» ብለን ፈርመን በሌላ ወገን በራሳችን አዋጅ «ይችላል» ብለን መጻፋችን እንዴት ያለ ነገር ነው?

ይህን ጉዳይ በመኝታ ቤታችን ባነሣሁ ጊዜ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነ ወዳጄ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ፤ ከሁሉም የከበደኝ የእርሱ ነው። «ወንድሜ፣ በዚያው በላስታ ክሊኒክ መድኃኒት የለውም፤ ትምህርት ቤቱ ጦርነት ያፈረሰው ነው። የሚሞት ሰው እያለ ለድንጋይ ባጀት ትለምናለህን?» አለኝ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርደው አደርሁ።

ሁለት መልስ አለኝ። መጀመሪያ፣ የምለምነው ብዙ አይደለም። ቦይ የሚጠርግ፣ ሣር የሚነቅል፣ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ስንጥቅ የሚለካ ሰው ከዚያው መንደር በደመወዝ ቢያዝ፣ ይህ ለአንድ መክፈቻ ድንኳን ከሚወጣው አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ። ብዙ የሚያስወጣው ይህን አለማድረግ ነው፤ የተሰነጠቀን አለት ማሰር፣ የብረት ጣራ መትከል፣ የተከሉትን መልሶ ማንሣት። ድኃ አገር ስለሆንን ነው ዛሬ በዶማ የሚሆነውን ነገ በክሬን ማድረግ የማንችለው። ሁለተኛም፣ ወዳጄ ድንጋይ ያለው ነገር ለላስታ ሰው ድንጋይ አይደለም። የላሊበላ ከተማ እንጀራው ከዚያ አለት የሚጋገር ነው። ቅዳሴውም ልቅሶውም ጥምቀቱም ከዚያው ነው። ክሊኒኩም ቅርሱም ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሕንጻቸው ሲመረቅ ይጨበጨብላቸዋል፤ ከምርቃቱ በኋላ አንደኛው መድኃኒት፣ ሁለተኛው ጠራጊ ያጣሉ። ወዳጄና እኔ የምንጣላ መስሎን ነበር እንጂ የምንከሰው አንድ ሰው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአገራችን ስለ ጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ከወጣ ከ1958 ዓ. ም. ጀምሮ ሕግ አልጠፋም፤ በ1968ም፣ ደርግ ሊወድቅ ሲልም፣ በ1992ም ወጥቷል። መሥሪያ ቤቱም ማዕከል ተባለ፤ ባለሥልጣን ተባለ፤ ከአንዱ ሚኒስቴር ወደ ሌላው ተዛወረ። ስለዚህ አዲስ ስም አንፈልግም። የምንፈልገው በሕጉ ውስጥ «ሊረዳ ይችላል» የሚለው «መርዳት አለበት» እንዲሆን ነው፤ ባለቤቱ ምንም ዐቅም ከሌለውም «በከፊል» የሚለው እንዲቀር ነው። ለእንክብካቤ ብቻ የሆነ፣ ወደ ፕሮጀክትና ወደ ምርቃት የማይዛወር ገንዘብ በየዓመቱ ይመደብ። ፈቃድ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በተወሰነ ቀን ይመልስ፤ ካልመለሰ ቦይ እንደ መጥረግ፣ ሣር እንደ መንቀል፣ ላስቲክ አልብሶ ጠብታን እንደ መከላከል ያለው ነገር እንደ ተፈቀደ ይቆጠር። ሲሚንቶና መሮ ግን ያለ ባለሙያ እንዳይነካ ክልከላው ይጽና።

መንግሥትን ብቻ ወቅሼ ብቀር ግን ራሴን አታልላለሁ። በ1957 ዓ. ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። አባቶቻችን አጉረምርመውበታል፤ ያገለገሉት ግን እስከ ዛሬ ያነሡታል። እኛ አሁን የአርኬኦሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል አለን፤ ኢንጂነሪንግ አለን፤ ሕግ አለን፤ ክረምቱም ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ነው። የቅርስ ተማሪዎች ስንጥቅ መለካትን በመጽሐፍ ተምረው በፈተና ይመልሳሉ፤ ስንጥቁ ግን እዚያ ማንም ሳይለካው ይሰፋል። በየክረምቱ ዐሥር ተማሪ ከመምህር ጋር ወደ አንድ ወረዳ ብንልክ፣ የት ቦይ እንደተደፈነ፣ የት ጣራ እንደሚያፈስ፣ የትኛው የፈቃድ ጥያቄ ስንት ዓመት እንደ ቆየ በስምና በቀን ብንመዘግብ፣ መሥሪያ ቤቶቹ «አልሰማንም» የሚሉት ነገር ያበቃል። ለዚህ የትምህርት ክፍሎቹ መምህራን ምን ይላሉ? በሚቀጥለው እትም መልሳቸውን ለማንበብ እጓጓለሁ፤ ተሳስተሃል የሚሉኝም ቢሆን።

የሕጉን ቃል ስለ መለወጥ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚላክ ደብዳቤ አርቅቄአለሁ። በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስከ ዓርብ ማታ ይቆያል። ስማችሁንና የትምህርት ክፍላችሁን ጻፉበት። አንድ ቅጂም ለቄሰ ገበዙ እልካለሁ፤ የጠየቁኝን ገና አልመለስሁላቸውምና።